የሽማግሌው ታይተስ ቀኝ መርገጫ

ጀቤዝ ራው ሰው ሲመታ ድምፁ ሁለት ሸለቆ አልፎ ይሰማል ይባላል። ይህ ትንሽ ተጋንኗል፤ የሚሰማው አንድ ተኩል ሸለቆ ድረስ ነው። በዮርክሻየር ገጠር፣ በክራግደን መንደር፣ ሥራው ያለ ጭቃ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደረ የበግ ማሰማሪያ ካብ መካብ ነው። መዳፉ አካፋ ያሳፍራል። ሃምሳ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቡጢውን ያልቀመሰ አፍንጫ በመንደሩ ሁለት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የቄሱና የሚስቱ የዶርካስ። ቄሱን ለእግዜር ብሎ ተዋቸው። ዶርካስን ግን ፈርቷት ነው።

ከሁሉም አፍንጫ እንደ ታናሽ ወንድሙ እንደ ኢኖስ አፍንጫ ብዙ የተደከመበት የለም። ኢኖስ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ቃል ቆጥቦ የሚናገር በግ አርቢ ነው። አፍንጫው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተሰበረ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ከዚያ መልሶ ወደ ቀኝ፤ በመጨረሻ እናቱ ከወለደችው ጊዜ ይልቅ ቀጥ ብሎ አረፈው። ወንድማማቾቹ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተፋለሙት በሚስት አይደለም፣ በመሬትም አይደለም። በአንዲት ነጥብ ነው።

በዚያ አገር ትራያል የሚሉት የሞተር ብስክሌት ውድድር አለ። ፍጥነት የሚጠይቅ የለም፤ እንዲያውም የቸኮለ ይሰበራል። ጨዋታው ፍየል የሚያስለቅሰውን ቋጥኝና ጅረት እግርን መሬት ሳያስነኩ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። እግርህ አንዴ ከነካ አንድ ነጥብ ይያዝብሃል፤ ከቆምህ ወይም ከወደቅህ አምስት። ዜሮ ይዞ የጨረሰ ንጉሥ ነው። በየመፈተኛው አጠገብ አንድ ታዛቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ ዝናብ ይመታዋል። እግዜር ሲለመን ይሰማል፣ ዳኛም ይግባኝ አለው፤ የታዛቢ ቃል ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

በእነሱ አቆጣጠር በ1959፣ የወንድማማቾቹ አባት ሽማግሌው ታይተስ፣ ማችለስ የምትባለዋን ባለ አንድ ፒስቶን ሞተር ብስክሌቱን ይዞ ሠላሳ ዘጠኝ መፈተኛ ያለ አንዲት ነጥብ አለፈ። አርባኛውና የመጨረሻው «ጥርስ አውላቂ» ነበር። ውሃ የሚወርድበት፣ ደረጃ መሳይ ራቁት ቋጥኝ ነው፤ ከአናቱ በታች ብቻ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የለበሰ አንድ እርከን አለ። የሞተረኞቹ ክለብ ደንብ ተወዳዳሪ የላከ ቤት ሁሉ አንድ ታዛቢ ይልካል ይላል። የራው ቤት የላከው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ኢኖስን ነበር፤ ዕጣው ደግሞ ወስዶ ጥርስ አውላቂ አናት ላይ አቆመው።

ሽማግሌው ወጣ። ሕዝቡ ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረ። ኢኖስ እርሳሱን ላስ አደረገና «አንድ» አለ።

«ምኑ ነው አንድ?»

«አባባ፣ ቀኝ እግርህ እርከኑን ነካ።»

«የገዛ እግሬን ከኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ? አልነካም!»

«ነክቷል፣ አባባ።»

ዋንጫው በአንድ ነጥብ ልዩነት ለሌላ መንደር ሰው ሄደ። ጀቤዝም ከሻይ ድንኳኑ ኋላ ወንድሙን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መታው፤ ድንኳኑ፣ ማንቆርቆሪያው፣ የቄሱ ሚስት ኬክና ኢኖስ ተያይዘው ጅረት ገቡ።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። በየማዕዱ «አልነካም» ይል ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ቢለው «አልነካም» አለና ዐረፈ።

ገና የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ልጆቹ ማችለሷን በሁለት ጫፍ ይዘው ሲጓተቱ እናትየው የፈላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣችና የአራቱንም እግር አዳረሰች። እየዘለሉ ሳሉ ፍርዷን ሰጠች። «ቴላዮውና ጎማው ለጀቤዝ። ሞተሩና ካምቢዮው ለኢኖስ። እስክትታረቁ ድረስ ማንም አይነዳትም!» እሷም በጊዜዋ አለፈች። ማችለሷ በሁለት ጎተራ ተከፍላ ዝገት በላት።

በ1988 ክለቡ የአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ውድድር እንደሚያደርግ፣ አርባዎቹም የጥንት መፈተኛዎች እንደሚከፈቱ ለፈፈ። ጀቤዝ ወሬውን መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሰማ። ሲነሣ ጠረጴዛው አብሮት ተነሣ።

«ስሙ!» አለ። «ጥርስ አውላቂን በአባቴ ማችለስ፣ በዜሮ እወጣዋለሁ! በእሷ በዜሮ የሚወጣ ከሆነ አባቴ ዋሽቶ አልሞተም ማለት ነው። ዋሾው ማን እንደሆነ ያን ቀን ታያላችሁ!»

በማግስቱ ወደ ኢኖስ ሄደ። ኢኖስ የበግ ሰኮና እየከረከመ ነበር።

«ሞተሩን አምጣ።»

«እኔም ደህና ነኝ፣ ወንድም ዓለም። በጎቹም ደህና ናቸው።»

«ሞተሩን አምጣ አልኩህ!»

«አባባ እግሩ ነክቷል በልና በራሴ ጋሪ ቤትህ ድረስ አደርስልሃለሁ።»

«ይህን ከምናገር ሞተሩን ቅቤ ቀብቼ ብበላው ይሻለኛል!»

ኢኖስ በጓን ለቀቀ። መነጽሩን አውልቆ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ ደረት ኪሱ ከተተው። ኢኖስ መነጽሩን ኪሱ ሲከት ክራግደን መስኮቱን ይዘጋል።

«እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ ና። ሞተሩን ፈትቼ አንድ አንድ ዕቃ ካቡ ላይ አስቀምጣለሁ። ከጣልከኝ ይዘህ ትሄዳለህ። ከጣልኩህ ደግሞ በወደቅክበት ሆነህ፣ 'አባባ ነክቷል' እያልኩ ሦስት ጊዜ ስነግርህ ጆሮህን ሳትይዝ ትሰማለህ።»

«ይኸው ነው?»

«የውድድሩ ዕለት ከቤታችን የሚላከው ታዛቢም እኔ ነኝ። ጥርስ አውላቂ ላይ።»

ጀቤዝ ሌላ የሚልከው ሰው አልነበረውም፤ ዶርካስ «የእናንተን እብደት ዝናብ ላይ ቆሜ አልቆጥርም» ካለች ዓመታት አልፈዋል። «ተስማማሁ» አለና፣ ውሉን ለማጽናት ያህል ወንድሙን በሰኮና መከርከሚያው በርሜል ላይ አሳልፎ ጣለው። የዚያን ዕለት ካርቡራተሩን በብብቱ ይዞ ገባ።

ማችለሷ እንዲህ በቡጢ ተሰበሰበች። ለፒስቶኑ ኢኖስ አንድ መንጋጋ ጥርስ ሰጠ። ለካምቢዮው ጀቤዝ አምስት ቀን አንድ ዓይኑን ዘግቶ ካብ ካበ፤ ያ ካብ እስከ ዛሬ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ኢኖስ ጉልበት የለውም፣ ግን እንደ እባብ ይሾልካል። በሦስተኛው ቅዳሜ ጀቤዝን በራሱ ግልቢያ በጎች ወደሚነከሩበት የመድኃኒት ገንዳ አሳለፈውና፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ «አባባ ነክቷል» እያለ ሦስት ጊዜ ነገረው። ከገንዳው አረፋ ብቻ መለሰ። ለካንዴላ እሳት ለሚሰጠው ማግኔቶ ደግሞ ከቁርስ እስከ ምሳ ተደባደቡ፤ ሊያዩ የመጡት ውሾች እንኳ ሰልችቷቸው ወደየቤታቸው ሄዱ። በመጨረሻ ጀቤዝ በጀርባው ራሱ በካበው ካብ ላይ ተጣለ፤ ካቡም ተናደ፤ ማግኔቶው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረ። እሑድ ተመልሶ መጥቶ ካቡን አበጀው። ወንድሙን አዝኖለት አይደለም፤ በአንድ ሰው ጀርባ የሚናድ ካብ ስሙን ስለሚያጠፋ ነው።

በቤታቸው ፍሪጅ ውስጥ በረዶ የሠራው አተር ድስት ካየ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ከነከረጢቱ እብጠት ማብረጃ ሆኖ ከዓይን ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ጎድን ነበር ሥራው።

«ዛሬ ምን ይዘህ መጣህ?» ትላለች ዶርካስ።

«ፍሪሲዮን።»

«ምን አስከፈለህ?»

«ሁለት የጎድን አጥንት።»

«ደህና ነው። ያኛው ሳምንት ለአንዲት ካንዴላ የፊት ጥርስህን ሰጥተህ መምጣትህ ነው የከነከነኝ። ካንዴላ እኮ ሱቅ ሞልቷል፣ አንተ ሰውዬ!»

«የአባባ ካንዴላ ናት።»

«የአባባ! ጥርሱስ የማን ነበር?»

ዕቃው ሲሟላ ጎተራ ውስጥ ሌላ ጦርነት ተከፈተ። የውድድሩ ደንብ ከ1965 በፊት የተሠራ ብቻ ይላል፤ በአገሩ ሁሉ ግን ከዚያ ዘመን የቀረው ታርጋውና ዝገቱ ብቻ የሆነ «አሮጌ» ሞተር ብስክሌት ያልሠራ የለም። ጀቤዝም አካሏን የሚሸከመውን ቴላዮ በእሳት አግሎ፣ በሞርሳ አንቆ፣ በመጋዝ አራት ጣት ቆረጠለትና በየደው ቀጠለው። ድንጋይ እንዳይፍቀው ሆዱን ወደ ላይ አነሣው። የፊት ጎማ መያዣ ፎርኬታውን ቀና አደረገው። የከበደውን ብረት ሁሉ በመሰርሰሪያ ወንፊት አስመሰለው። የነዳጅ መያዣ ሰልባትዮውን ከአሮጌ የአሉሚኒየም የወተት ጋን ቀጥቅጦ አወጣ። የኋላ የማርሽ ጥርሱን የእራት ሳህን አሳክሎ ለወጠው፤ ጉልበቱ ሳይጣደፍ እንዲጎትት። አልታጠፍ ያለውን መታው፤ የታጠፈውንም መታው፤ የተስተካከለውን ደግሞ እንዳይኮራ ብሎ መታው።

ሲጨርስ ከአባቱ ማችለስ መጋዝ፣ መሰርሰሪያና መዶሻ ያልደረሰባት አንዲት ዕቃ ብቻ ቀረች። ቀኝ የእግር መርገጫዋ። ሽማግሌው ከ1959 በፊት አንድ ጊዜ ገደል ሲወድቅ ከሥሯ ጎብጣ፣ ከግራዋ ሁለት ጣት ዝቅ ብላ ተንጠልጥላለች።

«ይቺስ?» አለች ዶርካስ ሻይ ይዛ ገብታ። «ምነው አንገቷን ደፋች?»

«አባባ ሲወድቅ ነው የጎበጠችው።»

«ሁሉን ስትቀጠቅጥ ከርመህ ለእሷ መዶሻ አነሰህ? አቅናት እንጂ!»

ጀቤዝ መዶሻውን አነሣ። አወረደ። ደግሞ አነሣ። የመንደሩን አፍንጫ ሁሉ ያልፈራ ክንድ ጣት የምታህል ብረት ፈራ።

«የአባባ እግር ሃያ ዓመት ያረፈባት ናት። እሷን መዶሻ አያያትም።»

ማችለሷ ወዲያው እሺ ብላ አልተነሣችም። ሊያስነሣት አንዴ ቢረግጣት የማስነሻ ብረቷ ተመልሶ ቅልጥሙን መታውና ከነጎተራው በር አሽቀንጥሮ ጎመን ውስጥ አስገባው። ሁለተኛ ቢረግጣት የተረፈውን የበሩን ግማሽ ወሰደው። ሦስተኛው ላይ ፈነዳችና ተነሣች። የቤተ ክርስቲያኑ ቁራዎች ወደ ሌላ ሰበካ ተዛወሩ፤ የጎረቤት ዶሮዎች አንድ ሳምንት እንቁላል አቆሙ። ጀቤዝ ጎመን ከጆሮው እያወጣ አለቀሰ።

የውድድሩ ጠዋት ዶፍ ነበር። የክለቡ ጸሐፊ ሚስተር ፒኮክ፣ የደንቡን መጽሐፍ በፕላስቲክ ጠቅልለው በደረታቸው የሚይዙ ሰው፣ ማችለሷን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ይህ ሰልባትዮ ከ1965 በፊት የተሠራ ነው?»

«የወተት ጋኑ የ1951 ነው፣ ሚስተር ፒኮክ።»

«ሆኖ ነው... ብቻ ጀቤዝ፣ ደንብ ቁጥር ሰባትን አደራህን። ታዛቢ የመታ ተወዳዳሪ ዕድሜ ልኩን ይታገዳል።»

«ውጤቱ እስኪነገር አልመታም።»

«ከተነገረ በኋላም!»

«እሱን እንግዲህ እናያለን።»

ሠላሳ ዘጠኙን መፈተኛ በዜሮ አለፈ፤ እንዴት እንዳለፈ ግን አጥንቱ ይናገር። አራተኛው ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ግንባሩን ሰነጠቀው። አሥራ ሁለተኛው ላይ መሪው ተጠማዞ ጣቱን ሰበረው፤ በጥርሱ ስቦ መለሰውና ነዳ። ሃያ ሰባተኛው ላይ አንድ ወጠምሻ አውራ በግ መንገዱን ዘግቶ በቀንዱ ጉልበቱን ደለቀው። ጀቤዝ እግሩን ሳያወርድ፣ ነዳጁን ሳይለቅ፣ ጎንበስ ብሎ በግንባሩ መለሰለት። በጉ እስከ ምሽት ድረስ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር አሉ።

አሁን ጥርስ አውላቂ ፊት ለፊት ቆሟል። አናቱ ላይ ኢኖስ መነጽሩን በፕላስተር አጣብቆ፣ አንድ ዓይኑ በቅዳሜው ቡጢ አብጦ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ ይጠብቀዋል። ሕዝቡ በሁለቱም ዳር ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

ጀቤዝ ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ለቀቀ። ማችለሷ እንደ አሮጊት ደረጃ ወጪ፣ ዱግ... ዱግ... ዱግ እያለች ቋጥኙን ያዘች። ውሃው ፊቱን ገረፈው። የፊት ጎማዋ ሽበት የለበሰውን እርከን ነክሶ ወጣ፤ የኋላው ሲደርስ ሞላዎቿ ተጨፍልቀው ሆዷ ወደ ድንጋዩ ሰመጠ፤ ከዚያ እንደ ተወጋ ኮርማ ዘላ አናቱ ላይ ወጣች። ሁለቱም እግሮቹ መርገጫቸው ላይ ነበሩ። ንቅንቅ አላሉም። ይህን በአጥንቱ ያውቀዋል። ሕዝቡ ጮኸ፤ ኮፍያ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት እንደሆነው ሰማይ ወጣ።

ኢኖስ እርሳሱን ላስ አደረገ።

«አንድ።»

ጩኸቱ በአፍ ላይ ደረቀ። ጀቤዝ ማችለሷን አጠገቡ ባለ ካብ ላይ አስደገፈ። ሕዝቡ በአንድነት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሚስተር ፒኮክ «ቁጥር ሰባት! ቁጥር ሰባት!» እያሉ በጭቃ ሮጡ። ኢኖስ መነጽሩን አወለቀ፤ ኪሱ ከተተ፤ ቆመ።

«ልገድልህ ነው» አለ ጀቤዝ። «አባቴን ሁለት ጊዜ ቀበርከው።»

አንድ እርምጃ ሄደ። በሁለተኛው፣ ቡጢው ተነሥቶ ሳለ፣ ቀኝ ተረከዙ ራቁቱ ቋጥኝ ላይ እንደ ሳሙና ሸተተና በጀርባው ተዘረረ። ቀኝ እግሩ ወደ ሰማይ ተነሥቶ ጫማው አፍንጫው ፊት ቆመ።

ተረከዙ ላይ፣ በጫማ ምስማሮቹ መካከል፣ አንድ እፍኝ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ተሰግስጓል። እርጥብ ነው። እየተንጠባጠበ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በዚያ ሁሉ ቋጥኝ ላይ ሽበት የሚበቅለው እርከኑ ላይ ብቻ ነው።

ግራ እግሩን አንሥቶ አየ። ንጹሕ ነው።

በአራት እግሩ ዳኸና ማችለሷ ሥር ገባ። ሰፊ መዳፉን ከመሬት እስከ ግራ መርገጫ ለካ፤ ከመሬት እስከ ቀኝ መርገጫ ለካ። የአባቱ መርገጫ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ሞላዎቿ ሲጨፈለቁ ጎባጣዋ ብረት ተረከዙን ይዛ ትወርዳለች፤ ነጂው እግሩ ብረት ላይ እንዳለ ነው የሚሰማው፣ ተረከዙ ግን ድንጋዩን ሞዥቆት ይሄዳል። መሬት ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ደሙን ከግንባሩ አጠበው።

«አልተሰማኝም» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለ ኢኖስ።

«አባባም አልተሰማውም።»

«አልተሰማውም። እኔ ዋሸ ብዬ አውቃለሁ? ነካ ነው ያልኩት።»

ጀቤዝ ተነሥቶ እጆቹን ወደ ጎን ዘረጋ።

«በል ምታኝ።»

«ምን?»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት የመታሁህን ባንዴ ምታኝ! አልከላከልም።»

«ያን ሁሉ ባንዴ? እኔ ዐቅም የለኝም፣ ወንድም ዓለም። በጋሪ ነው የሚጫነው።»

«የቻልከውን ያህል!»

ኢኖስ ትንሽ አሰበ። ወረቀቱንና እርሳሱን «ያዙልኝ እስቲ» ብሎ ለሚስተር ፒኮክ ሰጠ። እጅጌውን ጠቀለለ። ከዚያ ያ ቀጭን ሰው ከተረከዙ ጀምሮ አምጥቶ አንድ ጊዜ አሳረፈበት። ጀቤዝ ራው፣ ሁለት ኩንታል የማያንስ ሰው፣ ጥርስ አውላቂን እርከን በእርከን፣ አንዱን ሳይዘል፣ በጀርባው ወርዶ ጅረት ገባ። ሲወጣ ሁለት ጥርስ ተፋ። መፈተኛው ስሙን አስከበረ።

«ሲወርድ ስንቴ ነካ?» ብሎ አንዱ ከሕዝቡ ጮኸ።

«ሲወርድ አይቆጠርም» አለ ኢኖስ መነጽሩን እያጠለቀ።

ሚስተር ፒኮክ መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጡ። «ታዛቢ ተወዳዳሪን ቢመታ የሚል የለም!» አሉ፣ ሊያለቅሱ ደርሰው። «ማንም አላሰበውም!»

ዋንጫው በአንድ ነጥብ ልዩነት ለሌላ መንደር ሰው ሄደ። ሽልማቱ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲሰጥ ጀቤዝ የአተር ከረጢት አገጩ ላይ ይዞ ቆመ። ሕዝቡ ጠረጴዛዎቹን ከአጠገቡ አራቀ።

«አባቴ እግሩ ነክቷል» አለ። «ግን አላወቀም። ዋሽቶ አልሞተም፤ ኢኖስም ዋሽቶ አልኖረም። ጨረስኩ።» ተቀመጠ። ሚስተር ፒኮክ የ1959ኙን መዝገብ አስመጥተው፣ የሚታረም ነገር ካለ ብለው እስክሪብቶ ይዘው አዩት። ታይተስ ራው፣ ጥርስ አውላቂ፣ አንድ። የሚታረም ነገር አልነበረም። እስክሪብቷቸውን ከደኑት።

ሰኞ ጠዋት ኢኖስ በሩ ወደሌለው ጎተራ መጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይጠራ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጀቤዝ ቀኝ መርገጫዋን ፈትቶ፣ በእሳት አግሎ፣ መዶሻውን እንደገና እያነሣ እያወረደ ነበር።

«ሞርሳው አላስይዝ አለኝ» አለ ጀቤዝ። ውሸቱን ነው።

ኢኖስ ጉጠቱን አንሥቶ የጋለውን ብረት ያዘና፣ በሌላ እጁ የጉጠቱን አንገት ደግፎ፣ የብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አጋደመው።

«በል ምታ።»

«እጅህን አርቅ።»

«ከራቀ አይያዝም። ምታ!»

ጀቤዝ ዓይኑን ጨፍኖ መታ። ኢኖስ ጉጠቱን ሳይለቅ የሌላ እጁን አውራ ጣት አፉ ውስጥ ከተተና ጣራ ጣራውን አየ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ጣቱን ከአፉ አወጣው፤ ጥፍሩ ጠቁሯል።

«አንድ» አለ።

ጀቤዝ ጥፍሩን ጎንበስ ብሎ አየው።

«ልክ ነው፤ ነክቷል» አለና መዶሻውን እንደገና አነሣ።